ጎተራና ስልክ፦ የአገር ቤቱ ገበሬ ገንዘቡን የት ያስቀምጥ?

በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ ገና ጎተራ ሳይገባ አበዳሪው ደጃፍ ላይ ይቆማል። በታኅሣሥና በጥር ገበሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚወጣ እህሉ ይረክሳል። ያው ገበሬ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት፣ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ መልሶ ይገዛል። መግዣ ከየት ይምጣ? እንደገና ይበደራል። እንዲህ እያለ ዕዳው ከዓመት ዓመት ሲንከባለል የኖረ ቤት ብዙ ነው።

በእስራኤል የሚኖሩ ብዙ ሽማግሌዎች ይህን በወሬ አልሰሙትም፣ ኖረውበታል። ቤተ እስራኤል ለዘመናት ርስት ስላልነበራቸው በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው፣ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው ነበር የሚያድሩት። አውድማው ላይ መጀመሪያ የሚሰፈረው የባለ መሬቱ ድርሻ ነው። ለብዙዎቹ "የእኔ" የሚሉት ማሳ የመጣው በየካቲት 1967፣ በፈረንጆቹ 1975፣ የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው። ያውም በብዙ ቦታ ከጎረቤት ጋር በስንት ክርክር።

ስለዚህ ዛሬ "የአገር ቤት ገበሬ በስልክ ይቆጥባል፣ በስልክ ይበደራል" ሲባል፣ ሽማግሌዎች ቶሎ ብለው አይደነቁም። አበዳሪው ማን ነው? ወለዱስ ስንት ነው? ዝናብ ከቀረስ ምን ይሆናል? ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ባለሙያዎቹም ዓመታት የፈጁት እነዚሁን ሲመረምሩ ነው።

ከአራጣ ወደ ቡድን ዋስትና

ገበሬው ባንክ ስላልነበረው ብቻ ገንዘብ ማስተዳደር አያውቅም ማለት አይደለም። ዕቁብ ነበረው፣ እድር ነበረው፣ ሲቸግረው ደግሞ አራጣ አበዳሪ ነበረ። ወለድ አገድ የሚባለውንም ብዙዎች ያስታውሱታል፦ ተበዳሪው ማሳውን ይለቃል፣ አበዳሪው ዋናው ዕዳ እስኪመለስለት ድረስ እያረሰ ይበላል። ዕዳው ሳይከፈል ልጅ ለአባቱ ዕዳ ወራሽ የሚሆንበት ጊዜም ነበር።

ባንክ ግን ለገበሬው ሩቅ ነበር። ርቀቱ የመንገድ ብቻ አይደለም። ባንክ ሲያበድር መያዣ ይጠይቃል፤ ከተሜው ቤቱን ያስይዛል። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ታዲያ ገበሬው ምን ያስይዝ? ሁለት በሬና አንዲት ላም ደግሞ ለባንክ ሠራተኛ መያዣ አልመስል አሉት።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጡት የብድርና ቁጠባ ተቋማት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለእነሱ ሕግ ወጣላቸው። በአማራ ክልል የታወቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ በአጭሩ "አብቁተ" የሚለው፣ ያደገው በዚያን ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ተብሎ ሙሉ ባንክ ሆኗል። የተቋማቱ ዘዴ ቀላል ነበር፦ መያዣ ከሌለህ ጎረቤቶችህን አምጣ። ጥቂት ገበሬዎች በቡድን ይሰባሰባሉ፣ አንዱ ለሌላው ይዋሳል፣ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ችግሩ ድርቅ ሲመጣ አንዱን ማሳ መርጦ አይመታም። የቡድኑ አባላት ሁሉ የአንድ መንደር ሰዎች ስለሆኑ በአንድ ክረምት አብረው ይወድቃሉ። የዚያን ጊዜ ዋስትናው ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ ለጎረቤቱ ሲል በሬውን የሸጠ ሰውም ቂም ይዞ ይቀራል።

ስልኩ ምን አመጣ?

ነገሩ የተጀመረው በጎረቤት አገር በኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 ሳፋሪኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ ኤም-ፔሳ የሚባል አገልግሎት ከፈተ። ፔሳ በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ናይሮቢ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ወይም በሚያውቀው መንገደኛ ነበር፤ የሚደርሰውም ይደርሳል፣ የማይደርሰውም ይቀራል። አሁን ልጁ ብሩን ለሱቅ ወኪል ይሰጣል፣ በስልኩ ይልካል፣ እናቱ መንደር ካለው ሌላ ባለ ሱቅ ዘንድ የሚስጥር ቁጥሯን አስገብታ ትወስዳለች። ባንክ ቤት መሄድ የለም። ስልኩም ውድ መሆን የለበትም፣ ተራው ባለ ቁልፉ ይበቃል።

ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የኬንያ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ያገኙት ነገር ገበሬ ለነበረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሰብል ሲበላሽ ወይም ሰው ሲታመም፣ ኤም-ፔሳ የሌለው ቤት ከገበታው ይቀንሳል። ኤም-ፔሳ ያለው ግን ከሩቅ ዘመድ ቶሎ ስለሚደርስለት ገበታው እንዳለ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ደግሞ በዚህ አገልግሎት ምክንያት ወደ 194 ሺህ የሚሆኑ ቤተሰቦች ከከፋ ድህነት እንደወጡ ገምተዋል። ጥቅሙ የበረታው እናት ቤቱን በምትመራበት ቤት ነው።

ኢትዮጵያ ዘግይታ ነው የገባችው። ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ባንኮችና የብድር ተቋማት ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ብሔራዊ ባንክ ደንቡን ከፈተው፤ በግንቦት 2021 ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤም-ፔሳም ኢትዮጵያ ገባ። የዓለም ባንክ እንደሚለው በ2017 ከአዋቂው የኢትዮጵያ ሕዝብ የገንዘብ ሂሳብ የነበረው 35 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በ2022 ወደ 46 በመቶ ደርሷል።

ቁጥሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን ሂሳብ መክፈትና በሂሳብ መጠቀም ለየቅል ናቸው። የአየር ሰዓት ለመሙላት ብሎ የተመዘገበውም፣ ዘመዱ አንዴ ብር ስለላከለት የተመዘገበውም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። ገበሬውን የሚጠቅመው መመዝገቡ ሳይሆን ገንዘቡ በሰዓቱ መገኘቱ ነው።

ገንዘብ በሰዓቱ

ማዳበሪያ የሚገዛው በግንቦትና በሰኔ ነው። ገበሬው ብር የሚይዘው ደግሞ በታኅሣሥና በጥር። በመካከሉ አምስትና ስድስት ወር አለ፤ በዚያ ውስጥ ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ የልጅ ደብተር አለ፣ የታመመ አለ። ብሩ ቤት ውስጥ ከሆነ ሰኔ ላይ አይገኝም። ስንፍና አይደለም፤ ወንድም መጥቶ "አበድረኝ" ሲል ብር እያለው "የለኝም" የሚል የአገር ቤት ሰው ጥቂት ነው።

ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤስቴር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር ከባልደረባቸው ጋር በምዕራብ ኬንያ ይህንኑ ፈትነዋል። ገበሬው እህሉን እንደሸጠ፣ ብሩ ገና ኪሱ ሳለ፣ የሚመጣውን ዓመት ማዳበሪያ አሁን ክፈልና በነፃ ቤትህ እናደርስልሃለን አሉት። ቅናሹ ትንሽ ናት። ነገር ግን ዘግይቶ፣ በመዝሪያ ጊዜ፣ ከሚደረግ ትልቅ የዋጋ ቅናሽ ጋር የሚስተካከል ውጤት አመጣች። የስልክ ቁጠባ ትልቁ ተስፋም እዚህ ላይ ነው፦ ጥር ላይ ለማዳበሪያ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ብር በእንግዳ ፊት አይታይም።

ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያው በኬንያ ተደርጓል። ለገበሬዎች ብድር የተሰጠው በችግር ወር ሳይሆን በአዝመራ ጊዜ ነው። ሞኝነት ይመስላል፤ ጎተራው ሙሉ ለሆነ ሰው ብድር ምን ያደርግለታል? ብድሩን ያገኙት ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያውንና ሌላ ሌላውን በብድሩ ሸፍነው በቆሎውን ሳይሸጡ አቆዩት፣ ዋጋው ሲወጣ ሸጡት። ብዙ ሰው ብድር ባገኘበት አካባቢ ደግሞ የገበያው ዋጋ ራሱ ተረጋጋ፤ ብድር ያልወሰደውም ጎረቤት ተጠቀመ። መጀመሪያ ላይ የተነገረው የጎንደሩ ገበሬ ታሪክ የሚገለበጠው እንዲህ ነው።

አሁን በስልክ የሚሰጠው ብድር ግን በአብዛኛው ለዚህ አልተሠራም። ማሽኑ የሚያየው ሰውዬው ስንት ጊዜ እንደላከ፣ ስንት ጊዜ እንደተቀበለ ነው። ይህ ለከተማ ባለ ሱቅ ይስማማል፣ በየቀኑ ብር ይነካል። ብድሩም በቀናት፣ በሳምንት ወይም በወር የሚመለስ አነስተኛ ብር ነው። በሰኔ ተበድሮ በሐምሌ መልስ የሚባል ገበሬ ከየት ያምጣ? ጤፉ ገና ቡቃያ ነው። ኬንያ በዚህ በኩል ብዙ አይታለች፤ በየስልኩ በሚቀርብ ብድር ብዙ ሰው ትንሽ ዕዳ ሳይከፍል ቀርቶ ስሙ በጥቁር መዝገብ ገባ። መንግሥት የስልክ አበዳሪዎችን በማዕከላዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ያደረገው ከዚያ በኋላ፣ በ2021 መጨረሻ ነው።

አሻራና በሬ

አበዳሪ ገበሬን የሚፈራበት አንዱ ምክንያት ሰውየውን ለይቶ አለማወቁ ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በአንድ ስም ስንት ሰው አለ? የቀበሌ መታወቂያስ ስንት ጊዜ ይቀየራል? በማላዊ በርበሬ አምራቾች ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር። ብድር ከሚወስዱት ግማሾቹን የጣት አሻራ ወሰዱባቸው፣ ግማሾቹን ተዉአቸው። አሻራ የሰጡትና ቀድሞ "አይከፍሉም" ተብለው የተገመቱት ሰዎች ከሌሎቹ በጣም በተሻለ ከፈሉ። ዛሬ ባይከፍሉ ነገ በሌላ ስም መምጣት እንደማይችሉ ገብቷቸዋል።

በኢትዮጵያ አሁን ፋይዳ የሚባለው አሻራና የዓይን ምስል የሚወስደው መታወቂያ እየተሰጠ ነው፤ ሕጉ በ2023 ወጥቷል። ባንኮችም እሱን መጠየቅ ጀምረዋል። ጎን ለጎን የመያዣው ሕግ ተሻሽሏል። በ2019 የወጣው አዋጅ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ሰብል ጭምር፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በ2024 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬው መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል።

እዚህ ላይ ወለድ አገድን የሚያስታውስ ሽማግሌ ቅንድቡን ቢያነሳ አይፈረድበትም። ባይከፍልስ ማን ያርሰዋል? ያው የድሮው ነገር በአዲስ ወረቀት እንዳይመጣ የሚጠብቀው፣ መብቱ የሚያዝበት ጊዜ የተወሰነ መሆኑና መሬቱ ለዘለቄታው ከገበሬው አለመውጣቱ ነው። አፈጻጸሙ በየወረዳው የሚታይ ይሆናል።

ዝናብ የሚቆጥር ሳተላይት

ከሁሉ የሚገርመው ግን በትግራይ አዲ ሐ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ነው። ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይና ኒያላ ኢንሹራንስ ከሌሎች ጋር ሆነው ለ200 ቤተሰቦች የዝናብ መድን ሸጡ። የጤፍ ገበሬ መድን ሲገዛ የታየው ያኔ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንም ሠራተኛ ማሳውን ዞሮ አያይም፣ ይህ ብዙ ወጪ ነው። ሳተላይት የዝናቡን መጠን ይለካል። በውሉ በተጻፉት ሳምንታት ውስጥ ዝናቡ ከተባለው መጠን ካነሰ፣ ገበሬው ሳያመለክት፣ ሳይማለድ ይከፈለዋል። ብር የሌለው ደሀ ገበሬ ደግሞ የመድኑን ክፍያ በጉልበቱ ይከፍላል፦ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል። ሥራው ራሱ ማሳውን ከድርቅ ይጠብቃል። በ2012 ዝናቡ ሲያጥር ከ12 ሺህ በላይ የትግራይ ገበሬዎች ክፍያ አግኝተዋል።

ጉድለትም አለው። ሳተላይቱ "ዘንቧል" ሲል ያንተ ማሳ ላይ ያልዘነበ ይሆናል፤ አገሩ ተራራ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ዘንቦ ከወዲህ ይደርቃል። በረዶ ሲመታ፣ አንበጣ ሲወርር፣ ዝናብ የሚቆጥረው መድን አይከፍልም። ክፍያ ከፍሎ ሰብሉን ያጣና ምንም ያላገኘ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት "መድን" የሚለውን ቃል መስማት አይፈልግም። ነገሩን ለገበሬው ቀድሞ በግልጽ መንገር ከሳተላይቱ በላይ ከባድ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል።

የሚስጥር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

በእስራኤል ያሉ አዛውንቶች አንድ ነገር ከሌላው ሰው ቀድመው ያያሉ። እዚህ መጥተው ካስፖማት ፊት ሲቆሙ፣ ከባንኩ የመጣውን ደብዳቤ ማንበብ ሲያቅታቸው፣ ቁጥሩን ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ሰጥተዋል። "ልጄ፣ ስንት ገባ ይላል?" ብለው ጠይቀዋል። አብዛኛው ልጅ ታማኝ ነው። ያልሆነም አልጠፋም።

አገር ቤትም ያው ነው። ቴሌብር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ይሠራል፣ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ በተራ ስልክም ይገባል። ግን ፊደል ያልቆጠረ አባት መልእክቱን በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ አያነበውም። ቁጥሩን ለልጁ ወይም ለወኪሉ ይሰጣል፤ "ሽልማት ደርሶዎታል" ብሎ ለሚደውል አጭበርባሪም የሚሰጥ አለ። ሴቶች ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው ያላቸው። የዓለም ባንክ በ2022 እንዳለው ሂሳብ ያላቸው ወንዶች 55 በመቶ፣ ሴቶች 39 በመቶ ናቸው። ስልኩ በባል ኪስ ከሆነ ሂሳቡም በባል ኪስ ነው።

ወኪሉ ራሱ ጥሬ ብር የሚያጣበት ጊዜ አለ። በገበያ ቀን ሁሉም ሊያወጣ ይመጣል፣ የሱቁ መሳቢያ በጧት ባዶ ይሆናል። ገበሬው ሦስት ሰዓት ተጉዞ "ነገ ና" ከተባለ፣ ለእሱ ያ ገንዘብ የለም ማለት ነው።

ዋጋ ግሽበትም አለ። በ2022 በኢትዮጵያ የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ፣ ባንክ ለቆጣቢ የሚሰጠው ወለድ መነሻው 7 በመቶ ነበር። ገበሬው ይህን ለማስላት ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም። በዚያን ጊዜ ብሩን ወይፈን ገዝቶበት ከሆነ ብልህ ነው፤ ወይፈኑ ያድጋል፣ ብሩ ግን ይቀልጣል። "ገበሬ ቁጠባ አይወድም" የሚሉ የከተማ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን መዘጋቱ ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከ2021 አጋማሽ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ባንክና ስልክ ተዘግቶ ነበር። ሰው በሂሳቡ ብር እያለው እህል መግዣ አጣ። ጥሬ ብር ከውጭ የሚያስገቡ ሰዎች ከሚልኩት ላይ ብዙውን ኮሚሽን ብለው ይቆርጡ ነበር። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ጎተራ ግን ኔትወርክ አይፈልግም። አንዳንድ ገበሬ ዛሬም ከስልኩ ይልቅ ጎተራውን ቢያምን ምክንያት አለው።

ከዚህ የሚላከው

አገር ቤት ዘመድ ወይም የድሮ ጎረቤት ያለው ሰው ከእስራኤል ገንዘብ ይልካል። ሐምሌ 2024 መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በሕጋዊ መንገድ በባንክ ወይም በስልክ የላከ ሰው ለዘመዱ የሚደርሰው ብር ከበፊቱ በጣም ጨምሯል። በሰው እጅ የመላኩ ጥቅም እንደ ድሮው አይደለም።

ሲላክ ግን የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ሲም ካርዱ በማን ስም ነው የወጣው? አጎት ብለው የላኩለት ሰው ስልክ በልጁ ስም ከሆነ፣ ሂሳቡም በልጁ ስም ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ማን ያውቃል? እናት ከሆነች ደግሞ የራሷ ስልክ አላት ወይ? ውድ ባይሆንም አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ በስሟ ማውጣት ከሚላከው ብር አንድ ጊዜ የሚበልጥበት አጋጣሚ አለ።

ጊዜውም ይታሰብ። ብዙ ሰው የሚልከው ለበዓልና ለሠርግ ነው፣ ወይም ተደውሎ "ታመመ" ሲባል። ገበሬውን ከአራጣ የሚያወጣው ብር ግን በሁለት ወቅት የሚደርሰው ነው። አንዱ ግንቦት ነው፣ ማዳበሪያና ዘር ሳይወደድ። ሌላው ታኅሣሥ ነው፤ ጎተራው ሙሉ ስለሆነ ማንም "ላክልኝ" ብሎ የማይደውልበት፣ አበዳሪው ግን ደጃፍ ላይ የቆመበት ወር።